የሰቆጣ ዳገትና የታከተ ብስክሌተኛ

የውድድሩ ወቅት አጋማሽ ላይ እግሩ እምቢ ያለው ብስክሌተኛ ከባልንጀሮቹ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ «ወኔህ የት ሄደ? ጨምርበት እንጂ!» እሱም ይጨምራል። ትናንት አንዴ የወጣውን ዳገት ዛሬ ሁለቴ ይሞክረዋል። ሰዓቱ ግን ይባስ ይዘገያል። እንዲህ ሲል ሲል ብስክሌቱን ሸጦ የሚተወው ጥቂት አይደለም።

ፈረንሳዊቷ ፖሊን ፌራን-ፕሬቮ እ.ኤ.አ. በ2015 የጎዳና፣ የሳይክሎክሮስና የተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮንነትን በአንድ ጊዜ ይዛ ነበር። በዓመቱ ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ የተራራ ብስክሌት ውድድሩን አቋርጣ ወጣች። አካሏም መንፈሷም ዝሎ ነበር። ይህቺን ሴት ወኔ የላትም የሚል ካለ ይቅረብ። ቆይቶም ወደ እግሯ ደም የሚወስደው የደም ሥር ችግር እንዳለበት ታውቆ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። በ2024 ፓሪስ ላይ ወርቅ ወሰደች።

የ2017 የጂሮ ዲታሊያ አሸናፊ ሆላንዳዊው ቶም ዱሙላን ደግሞ በ2021 መጀመሪያ የቡድኑን የልምምድ ካምፕ ጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ከወራት በኋላ ተመልሶ ቶኪዮ ላይ ብር አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ስፖርቱን ተሰናበተ። ዕረፍት ሁሉን ይፈውሳል ማለት አይቻልም።

እነዚህ ሐኪምም አሰልጣኝም ደመወዝም ያላቸው ናቸው። ሰቆጣ ላይ ከሥራ በኋላ ብስክሌት የሚነዳ መምህር ወይም ነጋዴ ግን ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ ነው ልምምድ የሚጀምረው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ በየትኛውም በኩል ቢወጡ ዳገት ወይም ቁልቁለት ነው። ሰውነት የሥራን ድካም ለብቻ፣ የልምምድን ለብቻ፣ የሐሳብን ለብቻ አይመዘግብም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ በትግራይ ጦርነት ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ከቤተሰቡ ጋር መገናኘት ሳይችል አውሮፓ ውስጥ ይወዳደር ነበር። በየትኛው የልምምድ ሠንጠረዥ ላይ ይጻፋል ይሄ? ጦርነቱንም ድርቁንም ያየው የዋግ ኽምራ ሰውም እንዲህ ያለ ሸክም አለበት።

ከዚያ ጾሙ አለ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም በበጋው፣ መንገዱ ደርቆ ለብስክሌት በሚመችበት ጊዜ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ጠንካራ ዳገት መውጣት ጡንቻን ከመገንባት ይልቅ ሊያከሳ ይችላል። (የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው ቃል ኪዳን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» መባሉ ይታወሳል። ስለ ምግብ ለሰቆጣ ሰው መስበክ አያስፈልግም፤ ለስፖርተኛው ግን ማንም አልነገረውም።)

ጾሙን ይተው የሚል ሰው የለም፤ ልምምዱ ግን ይደራጅ። ረቡዕና ዓርብ እንደሆነ በዓመቱ አብዛኛው ሳምንት የጾም ቀን ነው፤ ቀላሉን ልምምድ ለእነዚህ ቀናት መስጠት ምንም ወጪ የለውም። በዓቢይ ጾም ከባዱን ዳገት መቀነስ፣ የቀረውንም ከተበላ በኋላ ማድረግ፣ በሶ በጥብጦ በጠርሙስ መያዝ ይቻላል። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የልብ ምትን መቁጠርም ነፃ ነው። ለብቻው ማረጋገጫ አይሆንም፤ ነገር ግን ምቱ ለቀናት ከወትሮው ከፍ ካለ፣ እንቅልፍ ከራቀና ሰውዬው በትንሽ ነገር መቆጣት ከጀመረ ሳምንቱን ማቅለል ነው። ከሁለት ሳምንት ዕረፍት በኋላም ካልተሻለው ሐኪም ዘንድ ሄዶ ደሙን ይመርመር፤ ድካም ያልታወቀ በሽታም ሊሆን ይችላል።

የውድድር ቀን የሚቆርጡትም ካሌንደሩን ያውቁታል። በሕማማት ዋዜማ ዳገት ላይ ሰው ከማሰለፍ ይልቅ ከፋሲካ በኋላ ክረምቱ እስኪገባ ያሉት ሳምንታት ባዶ ናቸው።