ኮሶ የጠጣው መምህራችን

ስለ አሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ሁለት ዓይነት ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አንደኛው ምስጋና ነው፤ በ1955 ዓ.ም. መባቻ ወደ 280 የሚጠጉ ወጣቶች አዲስ አበባ ገቡ፣ ጃንሆይ ጠርተው ተቀበሏቸው፣ መምህር የጠፋባቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እፎይ አሉ። ሁለተኛው ክስ ነው፤ በ1961 እና በ1962 ተማሪው ሲነሣ እነዚህ ሰዎች ሰላዮች ናቸው፣ ይውጡልን ተባለ። ሁለቱም ወሬ የራሱ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን አቃቂ፣ እኛ ግቢ ተከራይቶ ሁለት ዓመት የኖረውን ሰው በአንዱም ውስጥ አላገኘሁትም። ሰፈሩ «ሚስተር» ይለው ስለነበር እኔም በዚሁ እጠራዋለሁ።

ያኔ አቃቂ በሰቃ ራሱን የቻለ ከተማ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚለየን የእርሻ ማሳ ነው። ባቡር ጣቢያው፣ ወንዙ፣ ኢንዶ ኢትዮጵያ የሚባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፤ ሕይወታችን በእነዚህ መካከል ነው የሚዞረው። አባቴ ፋብሪካው ውስጥ ሸማኔ ስለነበር ቤታችን የሚተኛውም የሚነሣውም በፈረቃ ነው። ሰፈሩ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀለ ያወራል፤ ሚስተርም ሰላምታውን ከሁለቱም ቀላቅሎ ነው የለመደው።

ሞቃት አገር ትሄዳለህ ተብሎ ስስ ሸሚዝና የሸራ ጫማ ይዞ ነበር የመጣው። ካርታው ላይ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከፍታችን ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። የጥቅምት ብርድ ሲገባ ሌሊት ሲንቀጠቀጥ ከጓዳችን ይሰማን ነበር። አባቴ ጋቢውን ወስዶ ራሱ አለበሰው፤ ጫፉን በግራ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ጠዋት ሲወጣ የሚለብሰው እንዴት እንደሆነ ለቅሶ ሲደርስ ደግሞ እንዴት እንደሆነ አሳየው። የሸራ ጫማውን የአቃቂ ዋልካ በመጀመሪያው ዝናብ በላው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደብዳቤውን ለማምጣት በሊትሪና ለገሀር ይሄዳል። አንድ ቅዳሜ ተሳስቶ ወደታች በሚወርደው ባቡር ተሳፍሮ ደብረ ዘይት ደረሰ። እኛ ይህን የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። ሲመሽ እናቴ ግቢው መሐል ቆማ ጮኸች፤ ከፈረቃ የተመለሱት ወንዶች ፋኖስና ዱላ ይዘው እስከ ወንዙ ድልድይ ወረዱ። በዚያ ዘመን ጅቡ ከጨለማ ጋር ነው የሚገባው። ሚስተር ጤፍ በጫነ የጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ፣ ፀጉሩ አቧራ ለብሶ መጣ። የሰው መዓት ሲያይ ሌላ ነገር የተፈጠረ መስሎት «ምን ሆናችሁ?» አለ። ከዚያ ማታ ጀምሮ እናቴ «እርስዎ» ማለቷን ትታ «ልጄ» አለችው።

ክፍል ውስጥ ግን ነገሩ አልሰመረለትም። ሳይንስና እንግሊዝኛ ነበር የሚያስተምረን። እኛ የለመድነው መምህር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ያልገለበጠ ይገረፋል። ሚስተር አለንጋ አልነበረውም። ጠይቆን ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ እኛም ዝም ብለን እንጠብቀዋለን። «ጥያቄ አላችሁ?» ሲል የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ይስቃሉ። ጎበዞቹም ቢሆኑ መምህርን መጠየቅ ድፍረት ይመስላቸው ነበር። ማታ ማታ ደጃፉ ላይ አገጩን በእጁ ደግፎ ሲቀመጥ አየው ነበር፤ ያዘነው ስለ ምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ይህን የለወጠው ኮሶ ነው። ለፋሲካ ጎረቤት ጠርተውት ቁርጥ በላ፤ በአዋዜ እያጠቀሰ፣ እንደ ሰው ሁሉ ጨምሩልኝ እያለ። ክረምቱ ሲቃረብ ከሳ፣ ሆዱን ያጉረመርመው ጀመር። አንድ ጠዋት ከሽንት ቤት ፊቱ ነጭ ሆኖ ወጣና ያየውን በእጁ ምልክት ለእናቴ ነገራት። እናቴ አልደነገጠችም። «ኮሶ ነው ልጄ። ኮሶ በኮሶ ይወጣል» አለችው።

አዲስ አበባ ያለው የሰላም ጓድ ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንክብል መውሰድ ይችል ነበር። አሁን ሳስበው ያ ይሻለው ነበር፤ ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ ለዓይንም ለነፍስም ያሰጋል። እናቴ ግን መጠኑን ከእናቷ የተማረች ሰው ናት። ቀይ የሆነውን የሴቴውን የኮሶ ዛፍ አበባ ከገበያ መርጣ ገዛች፤ አድርቃ በሙቀጫ ወቀጠች፤ በወንፊት ነፍታ በውሃ በጠበጠች። ሌሊት ወፍ ሳይንጫጫ በባዶ ሆዱ ቀሰቀሰችው። ቅሉን ተቀብሎ አንዴ ሲጎነጭ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አባቴ አፍንጫውን ያዘለት፤ እናቴ «አትተንፍስ፣ ጨርሰው» አለች፤ ጨረሰው። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ምንም ሳይቀምስ ጋቢውን ተከናንቦ ተጋደመ። ትምህርት ቤት የተላክሁት እኔ ነኝ፤ ለዳይሬክተሩ «ሚስተር ኮሶ ጠጥተዋል» ስል ሌላ ማብራሪያ አልጠየቁኝም። ያኔ ኮሶ የጠጣ ሰው ከሥራ ቢቀር የሚከፋ አልነበረም።

በማግሥቱ ክፍል ገባና የሆነውን ሁሉ ነገረን። ከዚያ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ይህ ትል ሆዴ ውስጥ እንዴት ገባ? እኔ አላውቅም፤ እናንተ ግን ታውቃላችሁ» አለ። መምህር አላውቅም ሲል ሰምተን አናውቅም ነበር። መጀመሪያ ከኋላ ወንበር አንዱ ስለ ቁርጡ ተናገረ። ሌላው በሬው ነው አለ። በሬው ከየት አመጣው? ከሣሩ። ሣሩ ላይስ ምን አደረሰው? እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ አለና አንዲት ልጅ፣ ድምፅዋን ያን ቀን ነበር የሰማሁት፣ ሰው ሜዳ ላይ ስለሚጸዳዳ ነው አለች። ሚስተር ክቡን ሰሌዳው ላይ ሣለው፦ ሰው፣ ሣር፣ በሬ፣ ሥጋ፣ ተመልሶ ሰው። ደወሉ ሲደወል የተነሣ አልነበረም። በዚያ ክረምት በሰፈራችን ጉድጓድ ሽንት ቤት የቆፈሩ ቤቶች ነበሩ፤ የቆፈሩት ልጆቻቸው እየጎተጎቷቸው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው እነዚህ ወጣቶች ሊረዱን እንደመጡ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን ጋቢ አለባበስ፣ ባቡር መሳፈር፣ መድኃኒት አጠጣጥ ሁሉ የሚቸግረውን አንድ ሰው ሰፈር ሙሉ ሲያኖረው ነው። መርዳቱም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ችግሩን ባይደብቅ ኖሮ ክፍላችን አፉን ባልከፈተ ነበር።

ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሰፈሩ በጭስ ታፍኖ ዋለ። ኅዳር ሲታጠን ነውና እያንዳንዱ ቤት ቆሻሻውን ደጁ ላይ ያቃጥላል፤ እናቴ በ1911 ዓ.ም. ስላለቀው ሕዝብ፣ ስለ ኅዳር በሽታ ነገረችው። ሌሊቱን ሚስተር በራዲዮኑ የአገሩ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ መገደላቸውን ሰማ። ቅዳሜ ጠዋት ወሬው ሻይ ቤቱን አልፎ ፋብሪካው ደረሰ። እሱና ጓደኞቹ ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ኬኔዲ ቤተ መንግሥታቸው ግቢ ሣር ላይ ቆመው እንዳነጋገሯቸው ነግሮን ስለነበር ሰፈሩ ሚስተርን ላኪው የሞተበት መልእክተኛ አድርጎ ነው የቆጠረው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እናቴ ወንበሮቹን አውጥታ ሰሌን አነጠፈች፤ እሱንም መሬት አስቀመጠችው። ንፍሮ መጣ፣ ቡና ተፈላ። ከፈረቃ የወጡት ሠራተኞች ጥጥ እንደነካቸው እየገቡ «እግዜር ያጥናህ» ይሉታል። ዘመዴ አይደሉም ሊል ሞከረ። አንድ አዛውንት እጁን ይዘው «የአገር አባት ነው የሞተብህ፤ አልቅስ» አሉት። ያን ጊዜ አለቀሰ፣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሸፍኖ፣ አባቴ ባሳየው አለባበስ። ጃንሆይ ለቀብሩ ዋሽንግተን መሄዳቸውን ስንሰማ እናቴ «እሳቸው እዚያ ደረሱ፣ እኛ እዚህ ደረስን» አለችው።

በ1956 ክረምት አገሩ ተመለሰ። በኋላ የጻፈልኝ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ ነበረው። እዚያም መምህር ሆኗል፤ ስለ ኮሶ ለተማሪዎቹ ሲነግራቸው አበባው እንዴት እንደሚዘጋጅ ጠየቁት፤ እሱ የሚያውቀው መጠጣቱን ብቻ ነው። እናቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ነገረችኝ፣ እኔም በምችለው እንግሊዝኛ ጻፍሁ፦ ቀዩ የሴቴው አበባ መሆኑን፣ በጥላ እንደሚደርቅ፣ ከወቀጡ በኋላ ሁለቴ እንደሚነፋ። ልዘጋው ስል አስቆመችኝ፤ «ልጆቹ ግን እንዳይጠጡት በለው፤ እነሱ ሐኪም አላቸው» አለች፤ ጨመርሁበት።