ውሻውን ማን ይያዝ?

በእኛ አገር ውሻ ይፈለጋል እንጂ አይወደድም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሰው መስደብ ስንፈልግ ስሙን እንጠራለን። ይሁንና ሌሊት ጅብ በረት ሲዞር፣ ቀን ቀበሮ ለግልገል ሲያደባ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስልን የለም። ተወልጄ ባደግሁበት በደባርቅ ይህ ጎልቶ ይታያል። ከከተማዋ በስተሰሜን መንገዱ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወደ አዲአርቃይ ይወርዳል፤ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አለ። በዚያ ብርድ በግ ይዞ የሚያድር ሰው ያለ ውሻ አያድርም።

ቡችላ የሚገኘው በልመና ነው። የጎረቤት ውሻ ማርገዟ ሲታወቅ «ወንዱን ለእኔ» ተብሎ ቀድሞ ይነገራል። አስተዳደጉም ቀላል ነው፦ ከበጎቹ ጋር ይውላል፣ ከበጎቹ ጋር ያድራል፣ የተረፈ ይጣልለታል። ትልቅ ሰው ግን አይዳስሰውም። የሰው እጅ የለመደ ውሻ ሌባም ይለምዳል ይባላላ! እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ማንም ዳስሶት የማያውቀውን ውሻ በክትባት ቀን ማን ይይዘዋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ጥየቃ ደባርቅ ሄጄ ሳለሁ የጎረቤታችንን የስምንት ዓመት ልጅ ውሻ ባቱ ላይ ነከሰው። ጎረምሶች ወዲያው ውሻውን በድንጋይ ቀጥቅጠው ገደሉት። «ደግ አደረጋችሁ!» ያላላቸው አልነበረም። ነገሩን ላሰበው ግን ውሻው ቢታሰር ይሻል ነበር። የነከሰ ውሻ ታስሮ አሥር ቀን በጤና ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የሞተ ውሻ ግን ጭንቅላቱ ላቦራቶሪ ደርሶ ካልተመረመረ በቀር የሚነግረን ነገር የለም።

አንዷ ጎረቤት ቅጠል ጨቅጭቃ መጣች። አክስቴ ግን «ተዪው፣ ሳሙና አምጪልኝ» ብላ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ደጋግማ አጠበችው። ሐኪሞችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው፦ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ማጠብና ሳይዘገዩ ክትባት መጀመር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ልጁ ጎንደር ተወሰደ፤ መርፌውን በየቀጠሮው እየተመላለሰ ጨረሰ፤ ዳነም። እናቱ ግን ለመሳፈሪያና ለማደሪያ ሁለት በግ ሸጣለች። ሒሳቡን ስናሰላው የሁለቱ በጎች ዋጋ የመንደሩን ውሾች በሙሉ አስከትቦ የሚተርፍ ሆኖ አገኘነው።

የእንስሳት ሐኪሙን ስናነጋግር አንድ ብልቃጥ ለብዙ ውሾች እንደሚበቃ፣ በቅዝቃዜ መቀመጥ እንዳለበት፣ ከተከፈተ ደግሞ ለነገ እንደማይባል ነገረን። ለአንድ ውሻ ብልቃጥ መክፈት ብክነት ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ቡና ላይ ተነጋግረው ከአሥራ አራት ቤት መዋጮ ሰበሰቡ። «የውሻ ዕድር» እያሉ የቀለዱባቸው ነበሩ።

ያስቸገሩን አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

«ጋሼ፣ የእርስዎንም ውሻ እናስከትብ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መርፌ የተወጋ ውሻ ይፈዛል። ጅቡን ማን ይጮኽበታል?»

«በጎችዎን አምና አስከትበው አልነበረም? ፈዘዙ?»

«በግ አይጮኽ! በምን አውቃለሁ?» ብለው ሳቁ።

ቀኑ ደረሰና አባወራዎች ገመድ ይዘው ወጡ። ውሾቹ ገመድ ሲያዩ በየአጥሩ ሾለኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተሯሯጥን በኋላ የደረሱልን እረኞቹ ናቸው። አንዱ ልጅ በስሙ ጠራው፤ ውሻው ጆሮውን ጥሎ መጣ። ልጁ አንገቱን በብብቱ አቅፎ እያናገረው ተወጋ። ለካ አባት በማያይበት መስክ ላይ የሚዳስሰው ነበረው! የሽማግሌውንም ውሻ ይዞ ያመጣው የልጅ ልጃቸው ነው።

ነገሩ ከአንድ መንደርም ያልፋል። እረኛውን ተከትሎ ወደ ደጋው የሚወጣው ውሻ ከቀይ ቀበሮ ጋር ይገናኛል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1840 የወጣለት ሳይንሳዊ ስም፣ ካኒስ ሲሜንሲስ፣ የተወሰደው ከእኛው ከሰሜን ነው። ዛሬ የቀሩት ለአቅመ መውለድ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ተሰባስበው የሚኖሩ በመሆናቸው አንዱ ከታመመ ለሌላው ይተርፋል። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 ከውሻ የተዛመተው ይኸው በሽታ ፈጃቸው፤ በ2003 እንደገና ተነሥቶ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉን ገደለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከዋና ሥራዎቹ አንዱ የገበሬውን ውሻ መከተብ የሆነው ለዚህ ነው።

ውድ አንባቢ፣ አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ጉዳዩ ያው ነው። የሰፈሩ ውሻ ከአምስት ቤት ይበላል፤ አምስት ስምም አለው። የክትባት ቀን ሲመጣ ግን የማንም አይደለም። ውሻ በዛ ሲባል መርዝ መበተን ይቀናናል፤ በሞተው ቦታ ግን ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይተካል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው የሚገታው ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት ውሾች ሲከተቡ ነው። 70 በመቶ ውሻ ለመከተብ ደግሞ ከመርፌው በፊት የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ቡችላ የተቀበለ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በስሙ ይጥራው፤ አንገቱን፣ ጆሮውን፣ እግሩን መዳሰስ ያስለምደው። ሥልጠና ማለት ሌላ ረቂቅ ጥበብ አይደለም። ጎረቤት ለጎረቤትም መዋጮውን ይነጋገር። ሐኪሙ መጥቶ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «የእኔ ነው» ብሎ ጎንበስ የሚል አንድ ሰው ለእያንዳንዱ ውሻ ይኑረው።