ስም የሌለው ሥዕል

ቃል ይረሳል፣ ጽሑፍ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ግን ሥዕልም ሆነ ጽሑፍ መቼ፣ ከምንና በማን እጅ እንደ ተሠራ ካልተመለከተበት፣ እንደ ቃል ሁሉ የሚረሳ መሆኑን በራሴ ላይ በደረሰው ነገር ተምሬአለሁ። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱ የራሴ ነበርና። የምጽፈው ከእኔ በኋላ የሚመጡ ወጣቶች በዚያው ጉድጓድ እንዳይወድቁ በማሰብ ነው።

መኖሪያዬ በሐረር ከተማ በጁገል ግንብ ውስጥ፣ ከሸዋ በር ጥቂት ገባ ብሎ ነው። ሥራዬም ደምን በማይክሮስኮፕ መርምሮ የወባን ተውሳክ መለየትን ለተማሪዎች ማስተማር ነው። በጂምሳ ቀለም የተነከረች አንዲት ጠብታ ደም ሺህ ጊዜ ጎልታ ስትታይ፣ በቀይዋ ሕዋስ ውስጥ ሰማያዊ ቀለበት የመሰለች፣ በጎኗም እንደ ዕንቍ የቀላ ነቍጥ ያላት ፍጥረት ትገኛለች። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ጌጥ ትመስላለች፤ ለሚያውቅ ግን ብርድ ብርድ የሚለው፣ የሚንቀጠቀጥ ሰው ከበር ቆሞ ውጤቱን እንደሚጠብቅ ታስታውሰዋለች።

በ2014 ዓ.ም. በጎረቤታችን በድሬዳዋ፣ ወባ ይበረታል ተብሎ በማይጠበቅበት በበጋው ወራት፣ ብዙ ሰው በወባ ታመመ። ለዚህም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ከእስያ የመጣችው፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ መሆኗ ታወቀ። ይህች ትንኝ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር ሲሆን፣ እንደ ሌሎቹ ረግረግ ሳትፈልግ በከተማ ውስጥ በበርሜልና በማጠራቀሚያ ገንዳ ትራባለች። በዚያን ጊዜ እኔም ያገኘሁትን ስላይድ ሁሉ፣ ስልኬን ከማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ደግኜ ፎቶግራፍ አነሣ ጀመር። ከስድስት መቶ የሚበልጥ ሥዕል አከማቸሁ። ከፊሉን በስልኬ ተውሁት፤ ከፊሉን ለጓደኞቼ በቴሌግራም ላክሁና መልሼ ከዚያው ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥሁት። ሀብት ያጠራቀምሁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሁለት ዓመት አለፈ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ቀድሞ ያስተማርሁት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ የኮምፒውተር ጥናት የሚከታተል አንድ ወጣት ጻፈልኝ። ሐሳቡ ተውሳክን በራሱ የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ማሠልጠን ነበር። «መምህር፣ ባህር ማዶ ያለ የደም ሥዕል ሞልቶልኛል፤ የአገራችንን ደም ግን አጣሁ» ይላል ደብዳቤው።

ሞላልኝ ያለውን ሥዕል ጠይቄ ተረዳሁ። በባንግላዴሽ አገር በቺታጎንግ ከተማ ከሚገኝ ሆስፒታል፣ ከ150 የወባ ሕሙማንና ከ50 ጤነኞች ደም የተሠሩ ስላይዶች፣ እንደ እኔው በማይክሮስኮፕ ላይ በተገጠመ ስልክ ፎቶግራፍ ተነሥተው ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሊቃውንት ከእነዚህ ሥዕሎች 27,558 ሕዋሳትን ለይተው፣ ግማሹ ተውሳክ ያለበት፣ ግማሹ የሌለበት ተብሎ ተሰይሞ፣ ለፈለገ ሁሉ በነፃ አቀረቡት። ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ተማሪ በአዲስ አበባ ተቀምጦ ከቺታጎንግ ሕሙማን ይማራል ማለት ነው። ነገር ግን በዚያ ስብስብ የሚገኘው ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ብቻ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ቫይቫክስ የተባለውም በብዛት ይገኛል። ይህ ሁለተኛው በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽ፣ የጉበቱን ተውሳክ የሚገድል ሌላ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ፕሮግራሙ ሁለቱን ካልለየ፣ ሕመምተኛው ዳነ ተብሎ ተሰናብቶ ተመልሶ ይወድቃል። ከዚህም በቀር የቀለሙ ውሃ አሲድነቱ ጥቂት ሲለወጥ የሥዕሉ መልክ ይለወጣልና፣ የቺታጎንግን ቀለም የለመደ ፕሮግራም የእኛን የቀለም ዝቃጭ ተውሳክ ነው እያለ ተማሪውን አስቸግሮታል።

እኔም «አይዞህ፣ ከስድስት መቶ በላይ አለኝ» ብዬ መለስሁለትና በኩራት ኮምፒውተሬን ከፈትሁ።

ያን ቀን ያየሁትን አልረሳውም። የሥዕሎቹ ስም ስልኩ በራሱ የሰጣቸው ቍጥር ብቻ ነበር። የማን ደም ነው? ወፍራም ቅብ ነው ወይስ ቀጭን? ፋልሲፓረም ነው ወይስ ቫይቫክስ? የመቼ ነው? ምንም አልተጻፈም። ስላይዶቹም ታጥበው ለሌላ ሥራ ውለዋል። በቴሌግራም የተላለፉት ደግሞ መጠናቸው እንዲያንስ ስለ ታመቁ ዝርዝራቸው ደብዝዟል፤ የተነሡበት ሰዓትም ጠፍቷል። ይባስ ብሎ በአንዱ ሥዕል ጠርዝ የሕመምተኛው ስም በግልጽ ይነበባል። ይህን ሳላይ ብልከው ኖሮ የሰውን ምስጢር ለዓለም በበተንሁ ነበር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ነገር ግን አዋጅ ባይኖርስ ኅሊና የት ሄዶ?

በዚያ ምሽት አዝኜ ስገባ የቤቱ ባለቤት፣ ባልቴቷ፣ ምን እንደ ሆንሁ ጠየቁኝ። ሥዕሎቹ እያሉ እንደ ጠፉብኝ ነገርኋቸው። እሳቸውም ከምን ጊዜም በላይ ወዳጌጠው ግድግዳቸው አመለከቱኝ። በሐረር ቤት የስፌት ዕቃው በግድግዳው ላይ በየቦታው ተሰቅሎ እንደሚታይ አንባቢ ያውቃል። «ይህችን የሰፋቻት እናቴ ናት፣ ለእኔ ሠርግ፤ ያቺኛዋ የአክስቴ ናት፤ ከታች ያለችውን ልጄ ገና ስትማር ሰፋቻት» እያሉ አንዱንም ሳይዘሉ ቈጠሩልኝ። ከዚያም «ልጄ፣ ስፌት የሚጠፋው ሲሰረቅ ብቻ አይደለም፤ የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ሲያልቅም ይጠፋል» አሉኝ።

ይህ አነጋገራቸው በሸሪፍ ሙዚየም ያየኋቸውን የእጅ ጽሑፎች አሳሰበኝ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ብዙ ዘመን ደክመው ባሰባሰቧቸው በእነዚያ መጻሕፍት ዘንድ፣ ጸሐፊው ሥራውን ሲፈጽም ስሙንና የጨረሰበትን ዘመን በመጨረሻው ገጽ የማስፈር ልማድ አለ። መጽሐፉ ለሕዝብ ጥቅም ወቅፍ ተደርጎ ከሆነም ይጻፋል። እንግዲህ ዛሬ የሳይንስ ሰዎች የመረጃ መግለጫ የሚሉት ነገር ለሐረር አዲስ አይደለም።

የዓለም ሊቃውንትም የደረሱበት ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የጥናት መረጃ መርሕ አራት ነገር ይጠይቃል፦ መረጃው የሚገኝ፣ የሚደረስበት፣ ከሌላው ጋር የሚጣጣምና ዳግም የሚሠራበት እንዲሆን። የማይክሮስኮፕ ፋብሪካዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የፋይል ዓይነት ስለሚያወጡ፣ የአንዱን ሥዕል የሌላው ፕሮግራም አይከፍተውም ነበር። ስለዚህም የተለያዩ ፋይሎችን የሚያነብ፣ ከሥዕሉ ጋር መግለጫውንም በአንድነት የሚይዝ የጋራ ዓይነት ተዘጋጀ። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ አጠገብም ለሕይወት ሳይንስ ሥዕሎች የተለየ የሕዝብ መዝገብ ቤት አለ።

ከከተማችንም ሳንወጣ ምሳሌ አለን። ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ2015 በተቋቋመው ቻምፕስ በተባለው የብዙ አገሮች ጥናት፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከአጋሮቹ ጋር በሐረርና በቀርሳ ተሳትፏል። ወላጆች ሲፈቅዱ ከሟቹ ሕፃን አካል በመርፌ ጥቂት ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲመረመር በአሜሪካ በአትላንታ ያሉ ሊቃውንትም ያዩታል። የሞቱ ምክንያት ሲታወቅም ለቤተሰቡ ይነገራል። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ አንዲት ቍጥር ብትሳሳት፣ የአንዲት እናት መልስ ለሌላይቱ ይደርሳል። ልጁን ላጣ ሰው ከዚህ የከፋ በደል ምን አለ?

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥሁም። በስልኬ ላይ ሳይተላለፉ የቀሩት ሥዕሎች የተነሡበት ቀንና ሰዓት በውስጣቸው ነበር። ያንን ከላቦራቶሪው መዝገብ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ። በሰዓቱ አንድ ሕመምተኛ ብቻ የተመረመረበትን ያዝሁ፤ የሚያጠራጥረውን ተውሁ። ከዚያ ሁሉ ክምር የዳነው 38 ብቻ ሆነ። ስምን የሚያሳይ ነገር ሁሉ አጠፋሁና ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አመለከትሁ፤ ፈቃድ ባገኘሁ ጊዜ ለተማሪዬ ላክሁለት።

ከዚያ ወዲህ ስላይድ ሳይቈጠር ሥዕል አይነሣም። ዋናው ፋይል ሳይታመቅ ይቀመጣል። የቀለሙ ዓይነት፣ የአጉሊው ኀይል፣ የመሣሪያው ስምና ቀኑ በአንድ ሠንጠረዥ ይጻፋሉ፤ የሕመምተኛው ስም ግን በሌላ፣ በሚቈለፍ መዝገብ ይቀራል። ቅጂውም ሦስት ነው፤ አንዱ ከዚያው ሕንፃ ውጭ ይኖራል። መብራት ሲጠፋ ሠንጠረዡን በወረቀት እንጽፋለን። ተማሪዎቼ መጀመሪያ አጕረመረሙ፤ ዛሬ ግን አንዱ ቢረሳ ሌላው ይቈጣዋል።

ወጣቱ ሥዕሎቹ በደረሱት ጊዜ «መምህር፣ ከ38ቱ 11 ቫይቫክስ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ደስ አለኝ፤ አፈርሁም። የቀሩት ሥዕሎች አሁንም በኮምፒውተሬ ውስጥ ናቸው፤ አልደመሰስኋቸውም። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ሰው ታሞ ጣቱን የሰጠበት ጠብታ ደም አለ፤ የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ግን የለም።