የቀዘቀዘው ቦይለር

በጉለሌ፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ በሽሮ ሜዳ አጠገብ አንድ ሸማኔ ከእናቱና ከልጁ ጋራ ይኖር ነበር። እናቲቱ በወጣትነታቸው ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው እያወረዱ፥ ያንንም እየሸጡ ልጃቸውን ያሳደጉ ናቸው። በእርጅናቸው ጊዜ ግን ጉልበታቸው ታመመ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሲበረታ ሌሊቱን ሲያቃስቱ ያድሩ ነበር። ሸማኔውም የብዙ ጋቢና የብዙ ነጠላ ዋጋ አጠራቅሞ፥ 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር የሚባለውን የውኃ ማሞቂያ ገዝቶ አስተከለላቸው።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባም ከዚያ ተቆረቆረች። በፍል ውኃ የምታሞቀው ምድር ራስዋ ናት። በቦይለር ውስጥ ግን የኤሌክትሪክ ኃይል ሬዚስታንስ በሚሉት ብረት ሲያልፍ ብረቱ ይግላል፤ ብረቱም ውኃውን ያሞቃል። ውኃው እስከ 60 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ቴርሞስታት የሚባለው ዕቃ ኃይሉን ያቋርጣል፤ ሲበርድም መልሶ ያገናኛል። ይህ ቢሳሳት ወይም ሙቀቱ ከመጠን ቢያልፍ፥ ፈጽሞ የሚያቋርጥ ሌላ ጠባቂ አለ፤ እርሱም አንድ ጊዜ ካቋረጠ የሰው እጅ ካልመለሰው አይመለስም።

በኅዳር ወር የቧንቧ ውኃ ለሁለት ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ውኃው ቢመጣም ቦይለሩ አልሞቀም፤ ቀይ መብራቱም አልበራም። አሮጊቲቱ እግራቸውን ሊነክሩ ቢቀርቡ ውኃው እንደ ምንጭ ውኃ ቀዝቅዞ አገኙት። «ግድ የለም፥ ልጄ፤ በድስት እናፈላለን» አሉ፤ ነገር ግን ከወንበሩ ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞክረው አቃታቸው።

አንድ ጎረቤት መጥቶ፥ «ቴርሞስታቱ ነው የተበላሸው፤ አውጥተን ሽቦውን በቀጥታ ብናገናኘው ያለ ወጪ ይሠራል» አለ። ሸማኔው ኪሱን አሰበና ምክሩ ደስ አሰኘው። ደግነቱ በዚያው ሰዓት የተጠራው ባለ ሙያ ደረሰ።

ባለ ሙያው አስቀድሞ የቦይለሩን ማጥፊያ ዘጋ፤ በመፈተኛውም ሽቦው ኃይል የሌለው መሆኑን ሳያረጋግጥ ክዳኑን አልነካም። ከዚያ በኋላ የጎረቤቱን ምክር ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜ ሆይ፥ ይህ ዕቃ ድስት አይደለም። ድስት ክፍት ነው፤ በዚህ በደጋው አገራችን ውኃው በ92 ዲግሪ ያህል ይፈላና እንፋሎቱ ይወጣል። በተዘጋ ጋን ውስጥ ግን የሚያቋርጠው ሳይኖር ቢግል ከዚያም አልፎ ይሞቃል። ጋኑ የፈነዳ ቀን ከዚያ ውኃ ከፊሉ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም ከውኃው ከ1,600 እጥፍ በላይ ስፍራ ይፈልጋል። ግድግዳውም አይችለው» አለው። ጎረቤቱ ዝም አለ።

ክዳኑ ሲነሣ የጠባቂው ትንሽ ቁልፍ ተፈናጥሮ ተገኘ። ሸማኔው፥ «እንግዲያስ ጫነውና ይብቃ» አለ። ባለ ሙያው ግን፥ «መጫኑማ ቀላል ነው። ለምን ተፈናጠረ? ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ እንደ ሆነ መለወጥ አለበት፤ ዋጋውም የአንድ ነጠላ ዋጋ አያንስም። ውኃ በጠፋበት ጊዜ የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ የተወ ሰው አለን?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም «የለም» አሉ።

የዐሥር ዓመቱ ልጅ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ውኃ በጠፋበት ማታ መጣ አልመጣ ብሎ የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ ሳይዘጋው የተኛ እርሱ ነው፤ ሊነጋጋ ሲልም ቧንቧው እንደሚያስል ሰው አየር ሲተፋ ሰምቶ በቀስታ ዘግቶት ነበር። አባቱን ፈራ። ወዲያው ደግሞ አያቱ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ሲያሹ አየ።

«ጋሼ፥ እኔ ነኝ የከፈትሁት» አለ፤ አየር መትፋቱንም ጨምሮ ነገረ።

ባለ ሙያው ፊቱ በራ። «አሁን ገባኝ። ቤታችሁ ያለው ከዳገቱ ላይ ነው፤ የመንገዱ ቧንቧ ባዶ ሲሆን ውኃችሁ ወደ ታች ሰፈር ይሳባል። በተከፈተው ቧንቧ አየር ስለ ገባ ጋኑ ባዶ ቀረ፤ ሬዚስታንሱም በደረቁ ጋለ። ጠባቂው ባያቋርጠው ኖሮ ተቃጥሎ ነበር» አለ። ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለውን ቫልቭ ፈትቶ ቢያየው ደቃቅ አሸዋ ገብቶበት አልዘጋ ብሎ ነበር። ቴርሞስታቱን መዝኖ ደኅና ሆኖ ስላገኘው ቫልቩን ብቻ ለወጠ። የሙቁ ቧንቧ አየር መትፋቱን ትቶ ውኃ በሙሉ እስኪያፈስ ጠበቀና ቁልፉን ጫነ፤ ማጥፊያውንም ከፈተ። ቀዩ መብራት በራ።

አባትዮው ልጁን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተው፤ ምንም ሳይናገር ሳፋውን ሰጠው። ሁለት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ልጁ ሙቁን ውኃ ቀድቶ ከአያቱ እግር በታች አኖረ፤ ተመልሶም ሄዶ ቧንቧው በደንብ መዘጋቱን በእጁ ሞከረ።