ከፕላስቲኩ ጀርባ ያሉት ቱቦዎች

ዳትሰን 240ዜድ ያለው ሰው አንድ ሽታ ያውቃል። መኪናዋ ጋራዥ ውስጥ አድራ ጠዋት በሯ ሲከፈት የቤንዚን ሽታ ፊት ይመታል። ብዙዎች «የድሮ መኪና እንዲሁ ነው» ብለው ይለምዱታል። እኔ ይህን አባባል አልቀበልም። ሽታው የሚመጣበት ቦታ አለው፤ የሚድንበትም መንገድ አለው።

ቤንዚን ሲሞቅ ይተናል። ትነቱን ወደ ውጭ መልቀቅ አየር ስለሚበክል፣ ካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል፣ የቀረው አሜሪካ ደግሞ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ትነታቸውን አምቀው እንዲይዙ በሕግ አስገደዱ። የዳትሰን መሐንዲሶች ከኋላ በስተቀኝ፣ ከውስጠኛው የፕላስቲክ ሽፋን ጀርባ፣ ትንሽ የትነት ታንክ አስቀመጡ። ከዋናው ታንክ የሚነሱ የጎማ ቱቦዎች ወለሉን አልፈው እዚያ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ደግሞ አንድ መስመር ወደ ሞተሩ ይዘልቃል። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች መኪናዋ ስትቆም ትነቱ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስትነሳ ተስቦ ይቃጠላል። ብልህ አሠራር ነው። ነገር ግን በዚህች መኪና በሻንጣ ማስቀመጫውና በመቀመጫው መካከል ግድግዳ የለም። ቱቦው ሲሰነጠቅ የሚያፈሰው እኛ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ነው።

ጎማው ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚህ አሜሪካ የሚሸጠው ቤንዚን 10 በመቶ ያህል ኢታኖል አለበት፤ ያን ዘመን የተሠራ ጎማ ለዚህ አልታሰበም።

ስለዚህ እኔ መኪና ሳድስ ከቀለምም ከክሮምም በፊት እነዚህን ቱቦዎች አስቀድማለሁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ተኝቶ የእሳት ፍንጣሪ ይጠብቃል። ካንሰር የሚያመጣ ንጥረ ነገርም አለበት። ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ የምነዳት መኪና በፎቶ አምራ ውስጧ መርዝ ከሆነ፣ ታደሰች ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

አስቀድሞ ሽታውን መለየት ያስፈልጋል። ስትነዱ ብቻ የሚሸት ከሆነ የጭስ ማውጫው ጭስ በኋላ በሩ ጎማ ወይም በኋላ መብራቶቹ ዙሪያ እየገባ ሊሆን ይችላል። ቆማ የምትሸት ከሆነ፣ በተለይ ነዳጅ በተሞላች ማግሥት ወይም ፀሐይ ላይ ስትውል፣ ወደ ቱቦዎቹ ሂዱ።

ሥራው ደጅ ላይ፣ ባትሪው ተፈቶ፣ ታንኩ ጎድሎ ይሠራል። የፕላስቲክ ሽፋኑ በብርድ ስለሚሰበር ሞቃት ቀን ምረጡ። ከመፍታታችሁ በፊት የትኛው ቱቦ የት እንደሚገባ ፎቶ አንሱ። የደረቀውን ቱቦ እየጠመዘዛችሁ አትጎትቱ፤ የታንኩን የብረት አፍ ያጣምማል። በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ ላጡት። የብረት ቧንቧዎቹንም ዝገት እንዳልበላቸው ተመልከቱ።

አዲሱ ቱቦ ላይ «ኤስኤኢ 30አር7» ወይም ከዚያ የሚበልጥ ደረጃ ተጽፎ እዩ። የውሃ ቱቦ ቢመስለውም አይተካውም፤ ቤንዚን ያሳብጠዋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው መታጠፊያው ነው። ወፍራሙን ቀጥ ያለ ቱቦ አስገድዳችሁ ብታጥፉት ተጨምድዶ ይዘጋል፤ አየር መውጫ ሲያጣ ነዳጅ ስትሞሉ ማደያው እየቆረጠ ያሰለቻችኋል። በቅርጹ የተሠራውን ግዙ፣ ዋጋው ቢወደድም። በመንገዱ ላይ የረገበ ቦታም አይኑረው፤ ፈሳሽ ቤንዚን እዚያ ተኝቶ መስመሩን ይዘጋል። ፋሸታውን አጥብቁ፣ ግን ጎማውን እስኪቆርጥ አይደለም። ስትፈትሹ በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ ታንኩ ያብጣል።

አዲስ አበባ ላይ ቮልስ የምትነዱ ወገኖቼ፣ የእናንተ ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። የቮልስ ታንክ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው የቤንዚን ቱቦ የጋለ ሞተር ላይ ያልፋል። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህች ቁራጭ ጎማ ነው። ዛሬ ማታ ሞተሩ ሲበርድ የኋላውን ክዳን ከፍታችሁ ቱቦውን በጣታችሁ ጠምዘዝ አድርጉት። ከተሰነጠቀ፣ ከደረቀ ወይም ጣታችሁን ካረጠበ፣ ሳትቀይሩት አታስነሷት።