ኪሴ ውስጥ የነበረው ቁልፍ

ስልኬ ለአንድ ዓመት ያህል የመኪና ቁልፍ ሆኖ አገልግሏል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ መኪናውን የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ አያውቅም ነበር። ኑዛዜዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው እንጂ መኪናው መንገድ ላይ በቆመባት ሌሊት አይደለም። ለራሴ ሳወራው ብዙ ጊዜ ከሌሊቷ ነው የምጀምረው፤ ከዚያ ስጀምር ጥፋቱ የአንድ ጣት ስሕተት ይመስላልና።

ትውልዴ እስቴ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ። አንድ ያገለገለ አባዱላ ገዝቼ ለወንድሜ ሰጠሁት። ሰጠሁት ስል እንዲሠራበት ነው፤ ሊብሬው በእኔ ስም ነበር። ከመካነ ኢየሱስ ስማዳ፣ ወገዳ ድረስ ይጭናል፤ አንዳንዴም ደብረ ታቦር ደርሶ ይመለሳል። ገቢውን በየሳምንቱ ይልክልኛል። የላከው አንሶብኝ አያውቅም። አንሶኝ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬዬ ቢያንስ የሚይዘው ነገር ያገኝ ነበር። እኔ የጠረጠርኩት ሌሎች ባለመኪናዎች ቡና ላይ ሲያወሩ ሰምቼ ነው። ሹፌር ይበላሃል፣ ወንድም ሲሆን ደግሞ ዓይንህ እያየ ይበላሃል አሉ። ሰማሁ፤ ወንድሜንም ሳልጠይቀው አመንኳቸው። ምናልባት ከመስማቴም በፊት ማመን ፈልጌ ይሆናል።

መኪናው ለሰርቪስ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ወንድሜን አክስታችንን እንዲጠይቅ ላክሁትና ጂፒኤስ አስገጠምኩ። ዕቃው ትንሽ ነው። የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ሳጥን ውስጥ ሲም ካርድ ይገባል፤ መኪናው ያለበትን ቦታ ለስልክ ይልካል፤ ከስልክ ትእዛዝ ሲደርሰው ደግሞ ሪሌ የሚባለው ማቋረጫ የነዳጁን መስመር ይቆርጣል። ገጣሚው አንድ ነገር አስረዳኝ። መኪናው በፍጥነት እየሄደ ከሆነ አደጋ እንዳይደርስ ትእዛዙ ይጠብቃል፤ ሞተሩ የሚጠፋው ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ነው። ይህን ስሰማ ቀለል አለኝ፤ ለወንድሜ ደኅንነት ያሰብኩ መሰለኝ። «ሹፌሩ ያውቃል?» ሲለኝ፣ «ያውቃል» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሳልተኛ መኪናው ያለበትን ቦታ በስልኬ ላይ የምታሳየውን ነጥብ አያለሁ። የት እንዳደረ በስልኬ እያየሁ ጠዋት ደውዬ «የት አደርክ?» እለዋለሁ። እውነቱን ይነግረኛል። እውነቱን በነገረኝ ቁጥር ማመን ነበረብኝ፤ እኔ ግን ገና ያልያዝኩት ነገር አለ እያልኩ ጠበቅሁ።

ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነበር። ነጥቧ ከደብረ ታቦር አመሻሽ ላይ ተነሣች፤ መካነ ኢየሱስ ትቆማለች ስል አልፋ ሄደች። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ በስማዳ መንገድ ላይ ነበረች። በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ሰው አይጭንም። ደወልኩ፤ ጠርቶ አልተነሣም። ደግሜ ደወልኩ፤ መስመሩ የለም። የተደበቀ ኮንትራት ነው አልኩ። ማጥፊያውን ስነካው ስልኩ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። ሁለተኛ ዕድል ነበር። አዎ አልኩት።

የተሰማኝን እንዳለ ልናገር። ንዴት አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በንዴት አመካኝ ነበር። የተሰማኝ እርካታ ነው፤ ሰውን እጅ ከፍንጅ የመያዝ እርካታ። መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ጠዋት መኪናው ከመስመር ውጭ ይላል። ትእዛዙን ላነሣው ሞከርኩ፤ አልደረሰም። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ማጥፊያው መኪናውን ያገኘው ኔትወርክ የሚይዝ ከፍታ ላይ ነበር። ወንድሜ ቁልቁለቱን ወርዶ መታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ሞተሩ ጠፋ፤ እዚያ ታች ደግሞ ኔትወርክ የለም። የቆለፍኩትን ከአዲስ አበባ ልከፍተው የማልችልበት ቦታ ነበር። ወንድሜ በእጁ ያለውን ቁልፍ ደጋግሞ ሲያዞር አድሯል። ቁልፉ በእጁ ያለው መስሎት።

ረፋድ ላይ ደወለ። ከመካነ ኢየሱስ መካኒክ አስመጥቶ ነበር። «አያ፣ ዳሽቦርዱ ሥር ሲም ያላት ጥቁር ነገር አገኘን። አንተ ነህ ያስገባሃት?»

«ለሌባ ብዬ ነው» አልኩት። ሐሰት አልነበረም፤ ሌባው እሱ መሆኑን ብቻ ነው ያልነገርኩት።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ፣ «ሬሳ ነበር የጫንሁት» አለኝ።

ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በወባ የሞተ የስማዳ ልጅ ነው። ጓደኞቹ ከቀን ሥራቸው አዋጥተው ደብረ ታቦር ድረስ አምጥተውታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚከፍሉት አልነበራቸውም። ወንድሜ መናኸሪያ አያቸው። ከቆላ የመጣ ሬሳ አያድርምና ሌሊቱን ሊያደርሰው ተነሣ። «ነዳጁን ከድርሻዬ ልችል ነበር፤ ስመለስ ልነግርህ ነበር» አለኝ። አልቆጣም። መኪናው ሲቆም በስልክ መብራት ሞተሩን ሲፈትሹ ቆይተው፣ ጓደኞቹ ሲያለቅሱ የሰሙ የአካባቢው ሰዎች ወጥተው፣ ቃሬዛ ሠርተው፣ በዚያ ብርድ እየተቀባበሉ በትከሻ ወስደውታል። ልጅሽ ይመጣል የተባለችው እናቱ ደጅ ቆማ አድራለች።

ጥፋቴን ያወቅሁት ይህን ስሰማ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ኮንትራት አልነበረም፣ ገንዘቤ አልተነካም አልኩ በልቤ። ይህን ማለቴን የሰማሁት ትንሽ ቆይቼ ነው፤ ወንድሜ ገና ስልኩን አልዘጋም ነበር። ስለ ሬሳ እየነገረኝ እኔ ሒሳብ እየሠራሁ ነበር። ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ የቴስላ መተግበሪያ ለሰዓታት ተቋርጦ በተለያዩ አገሮች የገዛ መኪናቸው አልከፈት ስላላቸው ሰዎች አነበብኩ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህም አዲስ አበባ ላይ የኤሌክትሪክ መኪናቸውን በስልክ የሚከፍቱ ወዳጆች አሉኝ። አንዱ ቁልፉን ወደ ሚስቱ ስልክ እንዴት እንደሚልክ፣ ሲፈልግም እንዴት መልሶ እንደሚወስድ አሳየኝ። ስለ ባትሪውና ስለ ኔትወርኩ ጠየቅሁት። ልጠይቀው የፈለግሁት ግን መልሶ ሲወስድ ይነግራት እንደሆነ ነበር። አልጠየቅሁትም፤ እኔ ይህን ለመጠየቅ የበቃሁ አይደለሁም።

ወደዚያው ዓመት ልመለስ። በሟቹ ተዝካር፣ በአርባው፣ ወደ ስማዳ ሄድኩ። የሄድኩት መኪናውን ያቆምኩት እኔ መሆኔን ለእናቱ ልነግራት ነው፤ ቢያንስ ከአዲስ አበባ ስነሣ እንደዚያ ነበር። ዳሱ ውስጥ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ ባለመኪናው እኔ መሆኔን ለእናትየው ነገሯት። ወንድሜ ሬሳውን ያለ ክፍያ የጫነው በእኔ ፈቃድ እንደሆነ አስበው ነበር፤ መኪናው ደግሞ ለእነሱ የተበላሸ መኪና ነው። መጥታ እጄን ያዘች። «ልጄን ለአገሩ አፈር አበቃህልኝ፤ የልጅህን ክፉ አያሳይህ» አለችኝ።

አሜን አልኩ።

ሰው መሐል ላሳዝናት አልፈለግሁም ብዬ ነበር ለራሴ። ትንሽ እውነት አለው። ነገር ግን ሰዎቹ ሲበተኑም ከእሷ ጋር ደጅ ላይ ለብቻችን ቆመን ነበር፤ ያን ጊዜም አልነገርኳትም። ምርቃቱ ደስ ብሎኛል። የወንድሜን ደግነት እንደ ራሴ አድርጌ ተቀበልኩ። ወንድሜ ያን ቀን ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አላለም፤ እስከ ዛሬም አላነሣውም።

ሳጥኗን አስወልቄያለሁ። ወንድሜ የዚያኑ ዓመት የመኪናውን ቁልፍ አስረክቦኝ የሌላ ሰው አይሱዙ መንዳት ጀመረ፤ የከፋው አልመሰለም፣ እንዳይከፋኝም ተጠነቀቀ። መኪናውን ሸጥኩት። እናትየው በሕይወት አለች፤ ሰው ወገዳ ሲሄድ ሰላምታ ትልክልኛለች። ይህን ስጽፍ ገና አልነገርኳትም።