የታንጋኒካ የሌሊት ፋኖሶች

ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት በኪጎማ ዳርቻ ቆሞ ወደ ታንጋኒካ ሐይቅ የሚመለከት እንግዳ ሰው፣ በውሃው ላይ ሌላ ትልቅ ከተማ ያለ ይመስለዋል። መብራቶቹ በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዳንዱ ይቀርባል፣ አንዳንዱም ይርቃል። ሲነጋ ግን ከተማው የለም። የሚታየው ሰፊው ውሃና በማዶ ያሉት የኮንጎ ተራሮች ብቻ ናቸው። አንባቢዎች ሆይ፣ ያ የሌሊት ከተማ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። ነዋሪዎቹ ማታ ይገቡበታል፣ ጧት ጥለውት ይወጣሉ። ዛሬ ወደዚያ ከተማ ልወስዳችሁ አስቤአለሁ።

ኪጎማ በምዕራብ ታንዛንያ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ከዳሬሰላም የሚነሣው የምድር ባቡር ከ1200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚያበቃው እዚህ ነው። ሐዲዱን የዘረጉት ጀርመኖች ሲሆኑ፣ ኪጎማ የደረሰው በ1914 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ኡጂጂ ትገኛለች፤ ጋዜጠኛው ስታንሊ ጠፋ የተባለውን ዶክተር ሊቪንግስተንን በ1871 ያገኘው በዚያ ነው። እንግዳ ሁሉ ወደ ኡጂጂ የሚሄደው ይህን ታሪክ አስቦ ነው። የአገሩ ሰው ግን የሚኖረው በሊቪንግስተን ስም ሳይሆን ጣት በምታክል ዓሣ ነው።

ስለ ሐይቁም ጥቂት ልበል። እኔ መምህር ነኝና ስለ ስምጥ ሸለቆ በማስተምርበት ጊዜ ጣቴን በካርታው ላይ ከዝዋይና ከአባያ አንሥቼ ወደ ደቡብ እየሳብሁ እስከ ታንጋኒካ አደርሰዋለሁ። የእኛን ሐይቆች የወለደው የምድር መሰንጠቅ በምዕራቡ ክንፉ ይህን ሐይቅ ወልዷል። ርዝመቱ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥልቀቱ እስከ 1470 ሜትር ይደርሳል። ከሳይቤርያው ከባይካል በቀር በጥልቀት የሚበልጠው ሐይቅ በዓለም ላይ የለም። ታንዛንያ፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ቡሩንዲና ዛምቢያ ለአራት ይካፈሉታል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ጥልቀት ውስጥ ዓሣ መተንፈስ የሚችለው ከላይ ባለው ክፍል ብቻ ነው። ከመቶ ወይም ከሁለት መቶ ሜትር ወዲያ ያለው ውሃ ኦክሲጅን የለውም። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዓሣዋን ታንዛንያውያን ዳጋ፣ ቡሩንዲዎች ደግሞ ንዳጋላ ይሏታል። እኛ በቆርቆሮ ታሽጎ የምናውቀው የሰርዲን ዘመድ ናት። ርዝመቷ ከአሥር ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ዕድሜዋም ከአንድ ዓመት ብዙ አይዘልም። ቀን ቀን ከሚበሏት ዓሦች ለመሸሸግ ወደ ጨለማው ጥልቀት ትወርዳለች። ሲመሽ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩት ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ወደ ላይ ሲወጡ፣ እርስዋም ምግቧን ተከትላ ትወጣለች። ይኸን ጊዜ አጥማጁ ፋኖሱን ያበራል። ነፍሳቱ በብርሃኑ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ዳጋዋ እነርሱን ፍለጋ ትመጣለች፤ ከኋላዋም ሚጌቡካ የሚባለው ትልቅ ዓሣ እርስዋን ፍለጋ ይመጣል። ሁሉም ሊበላ መጥቶ ሁሉም በአንድ መረብ ይወጣል።

ፋኖስ ኃይል የሚኖረው በዙሪያው ጨለማ ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ የኪጎማ አጥማጅ ቀን የሚቆጥረው በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካላንደር ሳይሆን በጨረቃ ነው። ጨረቃ ሞልታ ሐይቁን ስታበራው የጀልባው መብራት ዋጋ ያጣል፤ አጥማጆቹም አንድ ሳምንት ያህል በየብስ ቀርተው መረብ ይጠግናሉ፣ የጀልባቸውን ቀዳዳ ይደፍናሉ፣ ዕዳቸውን ያሰላሉ። እኛ ደመወዝተኞች የወሩን መጨረሻ በናፍቆት እንደምንጠብቅ፣ እነርሱም የጨረቃን መጥፋት ይጠብቃሉ።

ይህ ጥበብ የቆየ ነው። የጥንቶቹ አጥማጆች በታንኳ ላይ ችቦ ለኩሰው፣ ሉሴንጋ በሚባል ረጅም እጀታ ባለው መረብ ዓሣውን ከውሃው ላይ ይጨልፉት ነበር። በ1950ዎቹ ውስጥ ግን ሁለት ጀልባዎችን በረጃጅም አጣና አጣምሮ በመካከላቸው ትልቅ መረብ ወደ ጥልቁ ማውረድ ተለመደ። ችቦውንም በፓምፕ እየተነፋ የሚበራው የላምባ ፋኖስ ተካው፤ በስዋሂሊ ካራባይ ይሉታል። ዛሬ ደግሞ በብዙ ጀልባ ላይ በባትሪ የሚሠራው ኤል ኢ ዲ አምፑል ተሰቅሏል። ጥበቡ ከታንጋኒካ ወጥቶም ተሰራጭቷል። የዳጋ የቅርብ ዘመድ የሆነች ሌላ የታንጋኒካ ዓሣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ኪቩ ሐይቅ፣ በ1967ና በ1968 ደግሞ በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ወደተገደበው ወደ ካሪባ ተወስዳ ተራባለች። በሩዋንዳ በኩል በኪቩ ላይ አጥማጆች ሦስት ጀልባ አጣምረው፣ እየዘፈኑና እየቀዘፉ ወደ ሌሊት ሥራቸው ሲወጡ መስማት የዚያ አገር ጎብኚ ሁሉ ደስታ ነው።

እኔ ኪጎማ የደረስሁት በ2024፣ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ነው። ከከተማው ጥቂት ወደ ሰሜን ካለው ከኪቢሪዚ ዳርቻ ፀሐይ በኮንጎ ተራሮች ላይ ስታዘቀዝቅ ተነሣን። ጀልባው ላይ አምስት ሠራተኞች ነበሩ፤ አለቃቸው ጠጉሩ የሸበተ ሽማግሌ ነው። ልጆቹ «ምዜ» እያሉ ይጠሩታል፤ ትርጓሜው «አባት፣ ሽማግሌ» ማለት ነው። እኔ ግን ጆሮዬ የአገሬን «ሚዜ» እየሰማ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። ምዜ አምፑሎቹን በባትሪ ካበራ በኋላ አንድ አሮጌ ካራባይ አውጥቶ ከጎኑ አኖረ። ምክንያቱን በአስተርጓሚ ብጠይቀው፣ ባትሪ ሳይናገር ይሞታል፣ ይኸኛው ግን ሊጠፋ ሲል ይጮኻል ብሎ አሳቀን።

መረቡ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። በሐይቅ ላይ የሚነፍሰው የሌሊት ነፋስ ብርድ ልብስ ያስናፍቃል። አንዱ ሠራተኛ ይተኛል፣ አንዱ የገባውን ውሃ በቆርቆሮ ይጨልፋል፣ ምዜ ግን ዓይኑን ከውሃው አይነቅልም። በመጀመሪያ በአረንጓዴው ብርሃን ውስጥ የሚታየው አቧራ የመሰለ ነገር ብቻ ነበር። ከእኩለ ሌሊት በፊት ግን አቧራው መካከል እንደ መርፌ የሚያብለጨልጭ ነገር ታየ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ኋላም ሊቆጠር የማይቻል። ይኸን ጊዜ ምዜ እጁን አነሣ፤ ሠራተኞቹም ከዳር ያሉትን አምፑሎች አንድ በአንድ አጠፉ። ዓሣው በመካከል ባለው ብርሃን ዙሪያ እየጠበበ እየጠበበ መጣ። ከዚያም ሁሉም ገመዱን ይዘው በአንድ ድምፅ ሳቡ፤ መረቡ ብር ተሞልቶ የወጣ መሰለኝ።

ሁለተኛው ሲወጣ ግን ከታችኛው ጥግ የተጠራቀመው ሁለት ቅርጫት አይሞላም። ማንም አልተናገረም። ኋላ ምዜ እንዳጫወተኝ፣ በወጣትነቱ ዘመን አንድ መረብ ጀልባውን ሞልቶ ሰውን ያስፈራ ነበር።

ሲነጋ ሴቶች ሳፋ ይዘው በዳርቻው ይጠብቃሉ። ድካሙ ከወንዶቹ ወደ እነርሱ የሚተላለፈው በዚህ ሰዓት ነው። ዳጋዋን ገዝተው በአሸዋ ላይ ወይም በሽቦ አልጋ ላይ ያሰጧታል። በሽቦው ላይ የደረቀችው አሸዋ ስለሌለባት የተሻለ ዋጋ ታወጣለች። በበጋ ፀሐይ ቶሎ ትደርቃለች። በዝናብ ወራት ግን ደመና ከመጣ የሌሊቱ ሥራ ሁሉ በስብሶ ይቀራል። የደረቀችው በጆንያ ታስራ ሩቅ አገር ትሄዳለች። ሥጋ ለመግዛት አቅም ለሌለው ቤተሰብ ከኡጋሊ፣ ማለት ከበቆሎ ገንፎው፣ ጋር የምትቀርበው ወጥ እርስዋ ናት።

አሁን ልብ በሉልኝ ወዳልሁት ነገር ልመለስ። የሐይቁ ማዳበሪያ፣ ማለት ነፍሳቱን የሚቀልባቸው ነገር፣ የሚጠራቀመው ኦክሲጅን በሌለው በታችኛው ውሃ ውስጥ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ገደማ የሚነፍሰው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ውሃውን ሲያማስለው ከዚያ ማዳበሪያ ጥቂቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ የዳጋ እንጀራ ከዚያ ይጋገራል። ነገር ግን የዓለም ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ የላይኛው ውሃ ይሞቃል፤ የሞቀ ውሃ ደግሞ ቀላል ስለሆነ ከላይ ተንሳፎ ይቀራል፣ ከታችኛው ጋር መቀላቀሉንም እንቢ ይላል። በ2003 የወጡ ሁለት ጥናቶች ይህን በታንጋኒካ ላይ አሳይተዋል። በ2016 የወጣው ሌላ ጥናትም ከሐይቁ ወለል የተቆፈረውን ደለል መርምሮ፣ የዓሣው መቀነስ ትልልቆቹ የንግድ መረቦች ከመምጣታቸው በፊት እንደ ጀመረ ገልጿል። በዚህ ላይ የአጥማጁና የመረቡ ቁጥር በዛ። ስለዚህም የታንዛንያ መንግሥት ከጎረቤቶቹ ጋር ተስማምቶ፣ ከግንቦት 15 እስከ ነሐሴ 15፣ 2024 ድረስ በበኩሉ ያለውን ሐይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማጥመድ ዘጋው። እኔ የደረስሁት መብራቶቹ እንደገና በበሩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው።

ስለ መዘጋቱ የሰማሁት ቃል ሁለት ዓይነት ነው። ምዜ ሐይቁ እንደ ደከመ በሬ ነው፣ ማረፍ አለበት ይላል። ዓሣ የምታደርቅ አንዲት እናት ደግሞ ሐይቁ ሲያርፍ ልጆቼ አያርፉም፣ ይርባቸዋል አለችኝ። አንባቢዎች ሆይ፣ እኔ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል እላለሁ። ዕድሜዋ አንድ ዓመት ለሆነ ዓሣ የሦስት ወር ዕረፍት ትልቅ ነገር ነው። ዓሣዋም ድንበር አታውቅምና አንዱ አገር ዘግቶ ሌላው ቢያጠምድ ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው። ነገር ግን ለሐይቁ የሚያስብ መንግሥት፣ በዚያ ሦስት ወር ለሳፋዋ ባለቤትም ማሰብ ይገባዋል። ባዶ ቤት ያለችው እናት ሕግ የምታከብረው እስከ ስንት ቀን ነው?

ዛሬ ወይም ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ስለ ደን፣ ስለ መሬት፣ ወይም ስለ ሐይቅ ወረቀት የምትጽፉ ወጣቶች፣ ከኪጎማ ፋኖሶች የምንማረው አንድ ነገር ይህ ነው፦ ፋኖስ ዓሣ አይወልድም፤ ሐይቁ የቀለበውን ይሰበስባል እንጂ። ከችቦ ወደ ካራባይ፣ ከካራባይም ወደ አምፑል ብንሻገር መብራታችን ይደምቃል፤ በሐይቁ ውስጥ ያለው ግን አይጨምርም። መሣሪያችን በበረታ ቁጥር ከምንሰበስበው ይልቅ የምናስቀረውን መቁጠር ግዴታ ይሆንብናል። ቆጠራውንም ስንጀምር፣ በዳርቻው ሳፋ ይዛ የምትጠብቀውን ሴት ከሒሳቡ ውጭ አንተዋት።